ማቶት ላይ የተቀመጠችው ኮከብ

ባለፈው ቅዳሜ ሸዋ ሮቢት ገበያ ዳር ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ሰው እስኪሞላ ስጠብቅ፣ ሾፌሩ ከቁልፉ ጋር ያንጠለጠላትን እስክሪብቶ የምታህል መብራት ተጭኖ ማዶ ካለው ግድግዳ ላይ አረንጓዴ ነጥብ አሳረፈ። ነጥቧ ግድግዳውን ወጣች፣ ቆርቆሮውን ተሻገረች፣ የተኛች ድመት አስነሥታ አባረረች። ተሳፋሪው ሳቀ። እኔ ግን የሽንኩርት ዘንቢሌን እቅፍ አድርጌ “አጥፋው” አልኩት። ድምፄ ሳላስበው ጠንክሮ ነው መሰለኝ፣ ሾፌሩ ደንግጦ አጠፋውና “ምነው እትዬ፣ መጫወቻ እኮ ነው” አለኝ። ገና ሠላሳ ሳይሞላኝ እትዬ መባሌ ሌላ ቀን ቢሆን ያናድደኝ ነበር።

መጫወቻ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ግን ያ አረንጓዴ ብርሃን፣ ሙቀቱና የማምሻው አቧራ አንድ ላይ ሲመጡብኝ ጆሮዬ ከማሽላ ማሳ የሚመጣ ጩኸት መጠበቅ ይጀምራል። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

እዚሁ ከተማ ካለ ኮሌጅ የፊዚክስ መምህርነት እማር ነበር። ከትምህርቶቹ አንዱ የሥነ ፈለክ መግቢያ ነው፤ ከነላብራቶሪው። ላብራቶሪ ሲባል ነጭ ካፖርትና ብልቃጥ የጠበቅን ሁሉ አፈርን። የኛ ላብራቶሪ ፀሐይ ከገባች በኋላ በግቢው መሃል ያለው የአፈር ሜዳ ነበር። ዕቃችን ደግሞ ፕሮትራክተር ላይ ክር አስረን ከጫፉ ቡሎን ያንጠለጠልንበት የከፍታ መለኪያ፣ ቀይ ፕላስቲክ የተጠቀለለበት የእጅ ባትሪ፣ ማን እንደለገሰው የማይታወቅ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ የሚወጣ አንድ ቴሌስኮፕ። ቀዩ ፕላስቲክ ጨለማ የለመደ ዓይን እንዳይረበሽ ነው። ባትሪዎቹ የድሮ አምፖል ያላቸው ስለነበሩ ፕላስቲኩ ሲሞቅ ይሸታል። ዛሬም ፌስታል ሲቃጠል ከሸተተኝ ቀና ብዬ ሰማዩን አያለሁ፤ ሰው የሚያየኝ ቆሻሻውን የተጠየፍኩ መስሎት ነው።

መምህራችን ከደብረ ሲና የወረደ ወጣት ነበር። የደጋ ሰው መሆኑን ከሹራቡ ታውቀዋለህ፤ እኛ በቲሸርት በላብ እየራስን እሱ ሹራቡን ትከሻው ላይ ጣል ሳያደርግ አይወጣም፤ ብርድ ድንገት ይመጣብኛል ብሎ የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ አይቆጣም። አንድ ሕግ ብቻ ነበረው፤ “ያያችሁትን ሳሉ፣ የምታውቁትን አትሳሉ።” እኔ በመጀመሪያው ቀን ባለ አምስት ማዕዘን ኮከብ ስዬ ሰጠሁት። ወረቀቱን ወደ ቀይ መብራቱ አስጠግቶ “ይሄን የት አየሽው? ደብተር ሽፋን ላይ ነው?” አለኝ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀብኝ። ከዚያ በኋላ ነጥብ ካየሁ ነጥብ ነው የሳልኩት።

ሳተርንን ያየሁበትን ማምሻ አልረሳውም። ተራዬ ደርሶ ዓይኔን ስጥል አንዲት ትንሽ፣ ፈዛዛ ቢጫ ነገር ጨለማው መሃል ቀጥ ብላ ቆማለች፤ ቀለበቷ ዙሪያዋን ይዟታል። ሥዕል መጽሐፍ ላይ መቼም አይቻታለሁ። እዚያ ግን እውነት መሆኗ አስፈራኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ለምን እንደፈራሁ አሁንም አላውቅም፤ ምናልባት ምንም ድምፅ ስለሌላት ይሆናል።

ቅዳሜ ገጠር ቤታችን ስሄድ እራት ላይ ለአባቴ ነገርኩት። “አባባ፣ እንስራ ማቶት ላይ ሲቀመጥ ታውቀው የለ? ማቶቱ እስከ ወገቧ የዋጣት እንስራ ትመስላለች።” ቀለበት ብል የጣት ቀለበት እንዳይመስለው ብዬ ነው፤ ማቶት እንስራ እንዳይወድቅ ከሥሩ የሚደረገው ክብ የሣር ጥምጥም ነው። አባቴ ትምህርቴን ከስሙ ጀምሮ አልወደደውም ነበር። በኛ ዘንድ ኮከብ የሚቆጥር ወይ ጠንቋይ ነው፣ ወይ ነገ ጣቱ ላይ ኪንታሮት የሚወጣበት ሕፃን ነው። ፊዚክስ ስትይኝ ደግ ብዬ ነበር፣ አሁን ደግሞ ኮከብ ቆጠራ መጣ፣ የንስሐ አባትሽ ምን ይላሉ እያለ ይነዘንዘኛል። ደጅ ወጥተን ባሳየው ብዬ እጁን ብጎትተውም ቀና ብሎ እንኳ አላየልኝም። በየሳምንቱ ግን እነግረው ነበር፤ እሱም በየሳምንቱ ያልሰማ መስሎ እንጀራውን ይቆርሳል።

አባቴ ማሽላ ሲያፈራ ቤት አይገኝም። ማሳው መሃል፣ በቋሚ እንጨቶች ላይ በተሠራው ማማ ተቀምጦ ቀን ወፍ ሲጠብቅ ይውላል፣ ሲመሽ ደግሞ ከርከሮ። በወንጭፉ የታወቀ ነበር። ወደ ኋላ ላይማ የወፉን መንጋ ሳይመለከት የክንፉን ድምፅ ብቻ ሰምቶ ድንጋዩን ይልክ ጀመር፤ ድንጋዩም ከቦታው አይስትም። ጎረቤት ያደንቀዋል፣ እኔም እኮራበታለሁ።

ማማዎቹ እርስ በርስ ይነጋገራሉ። ሌባ ሲገባ፣ እሳት ሲነሣ ያየው ይጣራል፣ የሚቀጥለው ማማ ቃሉን ሳይቀንስ ሳይጨምር ተቀብሎ ያስተላልፋል፣ እንዲህ እያለ አገሩን ያዳርሳል። ስልክ ከመጣ ወዲህ ልማዱ ቀዝቅዞ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ኔትወርክ ጠፋና ጥሪው ተመለሰ።

ያ ዓመት ክፉ ነበር፤ ክፋቱን ያገሬ ሰው ስለሚያውቀው አልዘረዝረውም። መንገዱ ይዘጋል፣ ይከፈታል። ከከተማችን ቀጥሎ ባለችው ጀውሃ የቆሙ የጭነት መኪኖች ወደ ላይም ወደ ታችም መሄድ አቅቷቸው ይሰነብታሉ። ከሁሉ የሚብሰው ግን ሰማይ ላይ ሲያጉረመርም የሚሰማው የማይታይ ነገር ነበር። ድሮን ነው ተባለ። ቀጥሎ ደግሞ ከታች ሆኖ ቦታ የሚጠቁምለት ሰው አለ የሚል ወሬ ተነሣ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ፤ ሰው መስተዋት ደጅ ማስቀመጥ፣ ማታ ባትሪ ይዞ መውጣት ሁሉ ተወ። የጀውሃዋ ልጅ፣ አብራኝ የምትማረው ጓደኛዬ፣ አገሩ ሁሉ ሰማዩን ሲሸሽ እኛ በውጤት ተገደን እናየዋለን እያለች ትቀልድ ነበር።

ጥቅምት ሲጋመስ ሳተርን ወደ ምዕራብ አዘነበለችና የግቢው የኒም ዛፎች ሸፈኗት። የመጨረሻው ልምምድ እሷን መሳል ስለነበር መምህሩ ከከተማው ወጣ ወዳለው ኮረብታ ሊወስደን ወሰነ። ተማሪዎች ይዞ እንደሚወጣ ለቀበሌው ተናግሯል። የባጃጁ ሾፌር የያዛት ዓይነት፣ ኮከብ የሚጠቁምባት አረንጓዴ መብራት ነበረችው፤ ስለ እሷ ግን ምንም አላለም፤ ግቢ ውስጥ ሁልጊዜ የሚያሳየን በእሷ ስለሆነ እንደ ጠመኔ ቆጥሯት ነው። ኮረብታው ደግሞ ከኛ መንደር ማሳዎች በላይ ነው። አባቴ እኔ ከተማ ያለሁ ነው የመሰለው።

ገና ብርሃን ሳለ ወጣን። በኛ አገር ፀሐይ አድማስ ላይ አትጠልቅም፣ ቀድማ ከደብረ ሲናው ተራራ ጀርባ ትገባለች። የተራራው ጥላ ሜዳውን እያለበሰ ሲመጣ ከላይ ሆነን አየነው። ወንዙን ሸፈነ፣ የትምባሆ ማሳውን ሸፈነ፣ ከዚያ የአባቴን ማማ። መምህሩ ቴሌስኮፑን ከብርድ ልብሱ አውጥቶ ተከለ፤ እኛም ቀይ ባትሪዎቻችንን አበራን። ከታች የማማ ጠባቂዎቹ ከርከሮ ለማባረር ጣሳ ይደበድባሉ፣ ሃይ ሃይ ይላሉ። ያንን ድምፅ እየሰማሁ ነው ያደግሁት፣ እና ደስ ብሎኝ ነበር።

መምህሩ “ያቻትና” ብሎ አረንጓዴውን ብርሃን ወደ ሰማይ ዘረጋው። አቧራ ስለነበረ ከወትሮው ደምቆ ታየ፤ ከእጁ ተነሥቶ ደመና የሚነካ ይመስላል።

የጣሳው ድምፅ ቆመ። ሃይ ሃይታውም ቆመ። መምህሩ ስለ ቀለበቷ ያስረዳል፣ ሌሎቹ ወረቀታቸውን ያስተካክላሉ፣ ማንም ልብ አላለም። እኔ ግን የማሳ ልጅ ነኝ፤ ማሽላ ባፈራበት ወቅት ማማ ሁሉ ባንድ ጊዜ ዝም እንደማይል አውቃለሁ። ብርድ ብርድ አለኝ፣ በዚያ ሙቀት።

ከሩቅ ማማ ጥሪው ተነሣ። “የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ኮረብታው ላይ ለሰማዩ እየጠቆሙ ነው! ውጣ!” ጎን ያለው ተቀበለው። ከዚያ ሌላው፣ ቀረብ ብሎ። ቃሉ ያው ነው፣ ድምፁ ብቻ ይለወጣል። ቀጥሎ የመጣውን ድምፅ ገና ሲጀምረው ለየሁት። አባቴ ነበር። ሳይቀንስ ሳይጨምር፣ በዚያ ሰው በሚያደንቅለት ድምፁ፣ አገሩን በኔ ላይ ጠራ።

“ምንድን ነው የሚሉት?” አለ መምህሩ።

“እኛን ነው ቲቸር” አልኩት።

መብራቱን አጠፋ። ከዚያ ወዲያው የቴሌስኮፑን አፍ በክዳኑ ገጠመ፤ ሥራ ባቆምን ቁጥር አቧራ እንዳይገባበት የሚያደርገው ነው። ሰው ሲደነግጥ እጁ የለመደውን ይሠራል። ልጆቹ መሮጥ ፈለጉ፤ የጀውሃዋ ልጅ ቦርሳዋን አንግታ ነበር። በጨለማ የሚሮጥ ሰው እንደሚተኮስበት ነግሬ አስቀመጥኳቸው። እኔ ድንጋይ ላይ ወጥቼ የአባቴን ስም ጠርቼ “ልጁ ነኝ! ተማሪዎች ነን!” ብዬ ጮህኩ። የአባቴ ማማ ዝም አለ። ደግሜ ጠራሁ። ከታች የማሽላ አገዳ እየተሰበረ ሲመጣ ብቻ ይሰማል።

መጡ። የቀበሌው ሚሊሻ አዛዥ የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ በሌላ ቀን ቢሆን የቤታችንን ደህንነት ሳይጠይቅ አያልፈኝም። ያን ማምሻ ግን ፊቴን አይቶ እንዳላየ ሆነ። መምህሩን እጁን አናቱ ላይ አስጭኖ አንበረከከው። መታወቂያውን አየ። መብራቷን ከኪሱ አወጣና ማንን ነው የምትጠራበት አለው። መምህሩ በዚያው ዝቅ ባለ ድምፁ ማንንም እንዳልጠራ፣ ኮከብ ማሳያ እንደሆነች ተናገረ። አዛዡ ኮከብ በጣት አይጠቆምም ወይ አለ። ከኋላ አንዱ መሣሪያውን አቀባበለ፤ ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ጥርሴ ውስጥ አለ።

“እዚህ ማን ያውቅሃል?” አለው አዛዡ።

መምህሩ ወደ እኛ ተመለከተ። እኛ እናውቀዋለን አልኩ፣ የተማሪ ቃል ግን ማን ይቆጥረዋል።

ያን ጊዜ አባቴ ደረሰ። ሌላ ጎረቤታችንን ትከሻውን ይዞ፣ እያለከለከ። ደክሞት መሰለኝ። “ልጄ?” አለ። አለሁ አልኩት። ሰውየው ማነው ሲል መምህሬ መሆኑን ነገርኩት። ወደ አዛዡ ዞሮ “እኔ አለሁለት” አለ።

አዛዡ ጋሼ እያለ፣ በአክብሮት፣ ነገሩ በዋስ የሚያልቅ እንዳልሆነ አስረዳው። ቱቦው ምን እንደሆነ አይታወቅም፤ ልጆቹም ቢሆኑ ተታለው ሊሆን ይችላል። አባቴ “እንግዲያው እኔ ልየው” አለ። እጁን ይዤ ማያውን አስነካሁት፤ ጎንበስ አለ።

ክዳኑ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።

መምህሩን አየሁት፤ እሱም እኔን ያያል። አንዳችን እጃችንን ወደ ቱቦው ብንሰድ ምን እንደሚመጣ ሁለታችንም ገብቶናል። ክዳን ነበረው ብንልም ምን ልትሸፍኑ ከደናችሁት ይመጣል። አባቴ ዓይኑን እንደጣለ ቆየ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ረጅም ጊዜ አላውቅም። ምንም አይታይም ካለ መምህሬ ከዚያ ኮረብታ አይወርድም፤ ይህን ማንም አልነገረኝም፣ ግን አውቄዋለሁ።

“ምን ይታያል?” አለ አዛዡ።

አባቴ ቀና ሳይል፣ በረጋ ድምፅ፣ “ኮከብ ናት” አለ። “ማቶት እስከ ወገቧ የዋጣት እንስራ ትመስላለች። ሌላ ምንም የለበትም።”

“ይምሉልኛል ጋሼ?”

አባቴ ቀና አለና እጁን ዘርግቶ እኔን ፈለገ። ትከሻዬን አገኘው። “ያላየሁትን አየሁ ብዬ እንደሆነ ይቺን ልጄን አያቆይልኝ” አለ።

በጨለማ የተከደነ ቱቦ አይቶ በኔ ራስ ማለ። አዛዡ ቆሞ አባቴን ሲያይ፣ አሁን ጎንበስ ብሎ እሱም ሊያይ ነው እያልኩ እጠብቃለሁ። በመጨረሻ “አንቱ ካዩ እኔም አየሁ ማለት ነው” አለና መብራቷን መሬት ላይ ጥሎ በተረከዙ ፈጫት። መምህሩንም ሲነጋ ከዚህ አገር ውጣ አለው። ክፋት አልነበረውም፤ እሱም ልጆች አሉት፣ ሰማዩንም እንደኛው ይፈራል።

መምህሩ ያደረው እኛ ቤት ነው። ማለዳ አባቴ እስከ አስፋልቱ ሸኘው፤ ዋስ የሆኑለትን ሰው መንገድ ላይ ጥሎ መመለስ ነውር ነው። ሚኒባሱ ሲመጣ መምህሩ ለኔ “አባትሽ ደፋር ናቸው” ብቻ አለኝ። ሹራቡን ለብሶ ወደ ተራራው ወጣ። ኔትወርክ ሲመለስ አንድ ሁለቴ ደወልኩለት፤ አንዴ አነሣና ደህና ነኝ አለ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ አይሠራም። ደብረ ሲና በሄድኩ ቁጥር ሹራብ ትከሻው ላይ የጣለ ሰው ባየሁ ጊዜ ዞር እላለሁ፤ እዚያ ደግሞ ሹራብ የማይለብስ የለም። ናፍቆኛል ማለት ያሳፍረኝ ነበር፣ አሁን አያሳፍረኝም። ኮሌጁ ላብራቶሪውን አቆመው። ቴሌስኮፑ መጋዘን ገባ፣ ውጤታችን በጽሑፍ ፈተና ተሞላ፣ እኔም ሳተርንን ሳልስላት ቀረሁ።

በዚያ ሰሞን አባቴ ባሕርዩ ተለወጠ። ጉንፋን ሲይዘኝ እንቅልፍ አጥቶ ያድራል፤ ከተማ ስሄድ ባጃጅ አትሳፈሪ ይለኛል፤ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ የንስሐ አባቱን አነጋግሮ ስግደት ታዞ መጣ። በሐሰት መማሉ ከንክኖት ነው ብዬ ልገላግለው አሰብኩ። ታኅሣሥ ላይ ማሽላው ተወቅቶ አውድማው ዳር ተቀምጠን ሳለ እየሳቅሁ አነሣሁበት።

“አባባ፣ ያን ቀን እኮ ክዳኑ ተገጥሞ ነበር። ምን ዓይነት ደፋር ውሸታም ነህ!”

እጁ ላይ የነበረውን የማሽላ ራስ ማሸት አቆመ። ወደ ድምፄ ዞረ፤ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ድምፄ።

“ክዳን ነበረው እንዴ?”

“አዎ። ማንም ቢያይ ጨለማ ነው።”

የማሽላውን ራስ እግሩ ሥር አስቀመጠው። ከዚያ በቀስታ፣ “እኔ እኮ ዓይኔ መስሎኝ” አለ።

ወንጭፉ ትዝ አለኝ፤ በጆሮው የሚልከው። የያዘው የጎረቤት ትከሻ ትዝ አለኝ፤ ደጅ ጎትቼው ቀና ሳይልልኝ የቀረው ሁሉ ትዝ አለኝ። አረንጓዴውን ብርሃንም አላየውም ነበር፤ የሰማውን ነው ያስተላለፈው። ለምን ታዲያ አየሁ ብለህ ማልክ አልኩት፤ እያለቀስኩ ነበር። ነገሩ ግልጽ ሆኖ ሳለ የምጠይቀው ገርሞት “አንቺ አይተሽ የለ?” አለኝ። “በየሳምንቱ ትነግሪኝ አልነበር?”

ደብረ ብርሃን ወስጄ አሳየሁት። የዓይን ግፊት ነው፣ ቀድማችሁ ብትመጡ ኖሮ አሉን። ማማውን ለሌላ ሰው ለቀቀ፣ ማሳውም ከምርቱ ሩብ ሊደርሰን በእርቦ ተሰጠ። አሁን ከኔ ጋር ከተማ ይኖራል፤ ጨርሶ አያይም። እኔ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ማምሻውን ደጃፍ ላይ ወንበር አውጥቼለት አስፋልቱን ያዳምጣል፣ የመኪናውን ዓይነት በድምፁ ይለያል።

ቅዳሜ ከባጃጁ ወርጄ ስገባ እዚያው ተቀምጦ ነበር። ሰማዩ ከጥዋት ጀምሮ በአቧራ ተሸፍኖ የዋለ ነው፤ ተራራው ራሱ አይታይም። እርምጃዬን ሰምቶ ፈገግ አለና፣ እንደ ሁልጊዜው፣ “ዛሬስ አለች?” አለኝ።

ዘንቢሌን እንኳ አላስቀመጥኩም። ቀና ብዬም አላየሁም።

“አለች አባባ።”

“ማቶቷስ?”

“እስከ ወገቧ ነው” አልኩት።